መምህር ኪሮስና የእናቴ አደራ

ባለፈው ሳምንት መምህር ኪሮስን ወልድያ ቀበርናቸው። ካህናቱ ፍትሐቱን ጨርሰው፣ የሕይወት ታሪካቸው ከተነበበ በኋላ፣ «ከተማሪዎቻቸው አንድ ሰው ይናገር» ተባለና ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ከነበርነው ውስጥ በዕድሜ ትልቋ እኔ ነኝ። ድምፅ ማጉያውን እጄ ላይ አስቀመጡልኝ። «መምህራችን...» አልኩና ቆምኩ። ትንሽ ጠበቁኝ። ከዚያ አንድ ጎልማሳ ቀስ ብሎ ከእጄ ወሰደው፤ አጠገቤ የነበሩት ሴቶችም «ሐዘን ነው፣ ተዋት» እያሉ ደግፈው ድንጋይ ላይ አስቀመጡኝ።

ሐዘንማ ነበር። ግን የሚባለው ጠፍቶኝ አልነበረም። ልናገር የተነሣሁት ምስጋና ነው፤ እሳቸው ባይኖሩ ዛሬ በሕይወት አልኖርም ብዬ ልጀምር ነበር። ያንን ካልኩ ግን ቀጥሎ የሚመጣው የእናቴ ነገር ነው፤ የእናቴ ነገር ደግሞ መቃብር አፋፍ ላይ ቆሞ በአጭሩ የሚባል አይደለም። ያን ቀን የዋጥኩትን እስኪ እዚህ ልጻፈው።

ስሜ የሺ ይመር ነው። ጡረታ የወጣሁ ነርስ ነኝ፤ ዕድሜዬን መርሳ ነው ያሳለፍኩት። የተወለድኩት ግን ከመርሳ በላይ፣ ሽቅብ ተወጥቶ በሚደረስበት ደጋ ላይ ነው። ገብስና ባቄላ የሚዘራበት፣ ጠዋት ጠዋት ብርዱ ጣት የሚቆርጥ አገር ነው። ደመና ባልወረደበት ጠዋት የሀብሩ ቆላ እግራችን ሥር ተዘርግቶ ይታየን ነበር፤ ማሽላው፣ የመርሳ የብርቱካን ተክል፣ በመካከሉ እንደ ክር ቀጥኖ የሚሄደው አስፋልት። ያ መንገድ የት እንደሚያደርስ አባቴን ስጠይቀው «በዚያ አዲስ አበባ፣ በዚህ መቀሌ» ይለኝና ሣቅ ይላል። እሱ ራሱ ከወልድያ አልፎ አያውቅም።

አባቴ አንድ ነገር ከያዘ የማይለቅ ሰው ነበር። «ይህች ልጅ ትማራለች» ብሎ ያዘ። ሴት ልጅ መርሳ ድረስ ወርዳ ስትማር በአካባቢያችን የመጀመሪያዋ ባልሆንም ከጥቂቶቹ አንዷ ነበርኩ። እሑድ ከሰዓት በኋላ የሳምንት ስንቄን ተሸክሜ እወርዳለሁ፤ ዓርብ ተመልሼ እወጣለሁ። ስንቄ ድርቆሽና በሶ ነው፤ ደህና ቀን ከሆነ ደግሞ እናቴ ትንሽ ቅቤ በቅል ትጨምርልኛለች። ከሁለት የአገሬ ልጆች ጋር አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይተን ነበር። ቁልቁለቱን ጨርሼ ወደ መርሳ ስጠጋ፣ በወቅቱ ከሆነ፣ የብርቱካን አበባ ሽታ ከከተማው ቀድሞ ይቀበለኛል። ለደጋ ልጅ ያ ሽታ ሌላ ዓለም የመግባት ያህል ነበር።

መምህር ኪሮስ ጂኦግራፊ ያስተምሩን ነበር። ያኔ ወጣት ናቸው፤ ሥራ ከጀመሩም ብዙ አልቆዩም። አባታቸው ከትግራይ መጥተው ወልድያ ላይ ጨርቅ ሲነግዱ የኖሩ ሰው ናቸው፤ እሳቸው ግን ወልድያ ተወልደው ወልድያ ያደጉ ናቸው። አባታቸው ሲያርፉ እናታቸውን፣ እማማ ለተብርሃንን፣ መርሳ አምጥተው አብረው ይኖሩ ነበር። በዚያ ዘመን መምህር ሲባል አለንጋ ነው። እሳቸው አለንጋ አይዙም፤ ይልቅ ጠመኔ ይዘው፣ መጽሐፍ ሳያዩ፣ አገር ይሥላሉ። የአባይን መታጠፊያ ሲሥሉ ክንዳቸው ሙሉ በሙሉ ይዞራል። ሲጨርሱ ጥቁር ኮታቸው ነጭ ሆኖ ነው። እኔን «የደጋዋ» ይሉኝ ነበር። «የደጋዋ፣ ከቤትሽ ሆነሽ ፀሐይ በየት በኩል ስትወጣ ታያለሽ?» ብለው ሲጠይቁኝ፣ እኔ የማውቀው ነገር ትምህርት ሊሆን እንደሚችል ለመጀመሪያ ጊዜ ገባኝ።

ስምንተኛ ክፍል ስደርስ ሰባ ሰባት መጣ።

ስለ ሰባ ሰባት ብዙ ተብሏል፤ እኔ የምጨምረው የለኝም። በልጉ ቀረ፤ ክረምቱም ደመና ብቻ ሆነ። የእኔ ስንቅ መጀመሪያ ቀነሰ፣ ከዚያ ድርቆሹ ቀርቶ ንፍሮ ሆነ፣ ከዚያ ንፍሮውም ቀረ። የደጋው ሰው እየወረደ አስፋልቱ ዳር ይቀመጥ ጀመር። ከሁሉ የማልረሳው ዝምታውን ነው። ያ ሁሉ ሰው ተቀምጦ ድምፅ አይሰማም። ሕፃናቱ አያለቅሱም። ሕፃን ሲያለቅስ ደህና ነው ማለት እንደሆነ በኋላ በሥራዬ ተምሬዋለሁ፤ ያኔ ግን ጨዋ ልጆች ናቸው ብዬ አስብ ነበር።

አብረውኝ የሚኖሩት ልጆች አንድ በአንድ ወደ ቤተሰቦቻቸው ሄዱና ብቻዬን ቀረሁ። በእረፍት ሰዓት ዴስኬ ላይ ተደፍቼ እቆያለሁ፤ ብነሣ ዓይኔ ይጨልማል። አንድ ቀን መምህር ኪሮስ አጠገቤ መጥተው ቆሙ።

«የሺ፣ ከትምህርት በኋላ እኔ ቤት ትሄጃለሽ። እናቴ ዓይኗ ደክሟል፤ ስንዴ የሚለቅምላት ሰው ትፈልጋለች።»

ሄድኩ። እማማ ለተብርሃን ቀጭን፣ ረጅም፣ ግንባራቸው ላይ የመስቀል ንቅሳት ያላቸው ሴት ነበሩ። ገና ከበር ሳልገባ የስንዴ ቂጣ በአዋዜ አቀረቡልኝ። እኔ ስንዴውን በዓይኔ ስፈልግ «ጓለይ፣ መጀመሪያ ብዪ» አሉኝ። በትግርኛ ልጄ ማለታቸው ነው። ስበላ ዘወር ብለው ሌላ ነገር ይሠራሉ፤ እንዳላፍር ነው። በኋላ ሰፌዱን ሲያቀብሉኝ ስንዴው አስቀድሞ የተለቀመ፣ አንድ ጠጠር የሌለበት ነበር። ስለቅም አመሸሁ። በማግሥቱም ሄድኩ። ያ የተለቀመ ስንዴ መለቀሙን ሳያቆም ወራት አለፉ።

የካቲት ላይ ነው። መምህር ኪሮስ እያስተማሩ ሳለ የክፍሉ በር ላይ ጥላ አረፈ። ቀና ስል እናቴ ናት። ሞላ፣ ታናሽ ወንድሜ፣ ጀርባዋ ላይ ታዝሏል። ሞላ መታዘል ካቆመ ቆይቶ ነበር፤ ያን ቀን ግን እግሩ አልችል ብሎታል። እውነቱን ለመናገር እናቴን ወዲያው አላወቅኋትም። ከፊቷ የቀረው ዓይኗ ብቻ ነበር።

«መምህር፣ ልጄን ልወስድ ነው የመጣሁት» አለች። «አባቷ ለሰፈራ ተመዝግቧል። መኪናው ዛሬ ይነሣል ብለውናል።»

መምህር ኪሮስ ጠመኔውን አስቀምጠው ወጡ። እኔም ተከትዬ ወጣሁ። ግቢው ውስጥ ካለው ግራር ሥር ቆምን።

«የት ነው የሚወስዷችሁ?» አሏት።

«እንጃ። ዝናብ የማይጠፋበት፣ ለም አገር ነው አሉን። ከዚህ የባሰ የት ይኖራል ብለው ነው?»

«እትዬ ዘነቡ፣ የሺ ሚኒስትሪ ልትፈተን ጥቂት ነው የቀራት። ከክፍሉ የሚስተካከላት የለም። አሁን ከተነሣች ከእንግዲህ ወደ ትምህርት አትመለስም።»

«ጥያት ብሄድስ ምን ቀምሳ ትማራለች?»

«እኛ የምንቀምሰውን። ከእናቴ ጋር ነው የምኖረው፤ ከእናቴ ጋር ትተኛለች። ለእኛ ከኖረ ለእሷም ይኖራል።»

ሞላ ከእናቴ ጀርባ ላይ አንገቱን አዘንብሎ ያየኛል። ድሮ ዓርብ ዓርብ ስመጣ ከሩቅ አይቶኝ እየጮኸ ነበር የሚሮጠው። ያን ቀን አየኝ እንጂ ምንም አላለኝም።

«አባቷ ይጣላኛል» አለች እናቴ። «ልጆቼን ሳልሰበስብ አልነሣም ብሏል።»

«እኔ ሄጄ ላነጋግረው።»

«አይሆንም። እርስዎን ካየ አይሰማም። ለእሱ የምለውን እኔ አውቃለሁ።» ቀና ብላ አየቻቸው። «በኋላ ያገናኙኛል?»

«ክረምት ትምህርት ሲዘጋ፣ ያላችሁበት ድረስ ራሴ አመጣታለሁ።»

«ይምሉልኛል?»

«ጊዮርጊስን።»

«እንግዲህ ሰማይ ሩቅ፣ አደራ ጥብቅ ነው» አለች።

እኔን የጠየቀኝ አልነበረም። ብጠየቅ ምን እል እንደነበር ስንት ጊዜ አስቤዋለሁ። አንዳንድ ቀን እናቴን እከተላለሁ ብዬ እመልሳለሁ፤ አንዳንድ ቀን ደግሞ በእማማ ለተብርሃን ቤት ያለው ቂጣ ትዝ ይለኝና መልሱ ይጠፋኛል። ልጅ ነበርኩ፤ ርቦኝ ነበር። የተነጋገሩት እነሱ ናቸው፤ የተስማሙትም እነሱ።

እናቴ ከነጠላዋ ጫፍ ቋጠሮ ፈትታ አንድ ጭብጥ የገብስ ቆሎ እጄ ላይ ገለበጠች። ለሞላ ለመንገድ የያዘችው መሆኑ ገብቶኝ እጄን ሳሸሽ ያዘችኝና ጣቶቼን አንድ በአንድ አጥፋ ቆሎው ላይ ዘጋቻቸው።

«ግቢ» አለችኝ፣ «ትምህርቱ እንዳያልፍሽ።»

ወደ ቀትር ላይ መኪኖቹ በትምህርት ቤቱ በር በኩል ወደ ደሴ አለፉ። ሸራ የለበሱ የጭነት መኪኖች ነበሩ። ድምፃቸው ሲሰማ መምህር ኪሮስ ንግግራቸውን አቋርጠው የክፍሉን በር ከፈቱልኝ። ሮጬ አስፋልቱ ዳር ደረስኩ። ከሸራው ሥር ሰው በሰው ላይ ነው፤ ፊቱ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው። «እማ! እማ!» እያልኩ አብሬ ሮጥኩ። ከኋለኛው መኪና ላይ አንዲት ሴት እጇን አውጥታ አወዛወዘች። እናቴ ትሁን ሌላ ሰው ዛሬም አላውቅም። መኪኖቹ ከታጠፉ በኋላ ዘወር ስል መምህር ኪሮስ ከኋላዬ ቆመዋል። እስከዚያ ሮጠው ነበር፤ ያለከልኩ ነበር። ኮታቸውን አውልቀው ትከሻዬ ላይ ጣሉና ወደ ክፍል መለሱኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤቴ የእማማ ለተብርሃን ቤት ሆነ። ከእሳቸው ጋር አንድ መደብ ላይ እተኛለሁ፤ ውኃ እቀዳለሁ፤ ማታ ማታ ዳዊታቸውን በቃላቸው ሲደግሙ እየሰማሁ እንቅልፍ ይወስደኛል። መምህር ኪሮስ በየቢሮው ጠይቀው ጠይቀው ቤተሰቤ ኢሉባቦር መወሰዱን አረጋገጡ። አንድ ቀን ከክፍል ስንወጣ አስቀሩኝና ግድግዳው ላይ ካለው ካርታ ፊት አቆሙኝ።

«እዚህ ነን» አሉና መርሳ መሆን የሚገባውን ቦታ በጣታቸው ነኩ፤ ስሟ ካርታው ላይ አልነበረም። «እናትሽ እዚህ ናት።»

እጄን ዘርግቼ ለካሁት። አንድ ስንዝር አይሞላም። ደስ አለኝ። ይህን ስጽፍ እንኳ ያ ደስታ ያሳዝነኛል።

ሰኔ ላይ ተፈተንኩ። ሐምሌ እንደገባ ቀሚሴን አጥቤ፣ ፀጉሬን እማማ ለተብርሃን ሠርተውልኝ፣ ለጉዞ ተዘጋጅቼ ተቀመጥኩ። መምህር ኪሮስ ግን የይለፍ ወረቀት ያገኙት ለራሳቸው ብቻ ነበር። «መጀመሪያ እኔ ልሂድና መንገዱን ልይ፤ ከዚያ ተመልሼ እወስድሻለሁ» አሉኝ። ሄዱ።

ያን ክረምት ዝናቡ መጣ። የጠበቀው ሰው ሁሉ ካለቀና ከተበተነ በኋላ መጣ። መርሳ ወንዝ ሞልቶ ሌሊቱን ሲያጓራ ያድራል፤ ሜዳው ሁሉ አረንጓዴ ሆነ። አርሶ የሚዘራው ሰው ግን ጥቂት ነበር። እኔና እማማ ለተብርሃን ከደሴ አውቶቡስ የሚገባበትን ሰዓት ጠብቀን በር ላይ እንቆማለን። ሐምሌ አለፈ፤ ነሐሴም ወደ ማለቁ ተቃረበ። የፍልሰታን ጾም ፈታን። ለአዲስ ዓመት ጥቂት ሲቀር፣ አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ከአውቶቡሱ አንድ ሽማግሌ በዱላ ተደግፎ ሲወርድ አየሁ። መምህር ኪሮስ ነበሩ። ወባ ይዟቸው ዓይናቸው ቢጫ ሆኗል፤ ኮታቸው ከትከሻቸው ሰፍቷል።

እንዲያርፉ እንኳ አልጠበቅኋቸውም። «አገኟቸው?» አልኩ።

እናታቸውን አዩ፤ ከዚያ እኔን አዩ። በር ላይ ያለው ድንጋይ ላይ ተቀመጡና እጄን ያዙ።

«የሺ፣ እናትሽ አርፋለች። ሞላም። ዝናቡ ሲጀምር ወባ ገባባቸው።»

«አባቴስ?»

«እነሱን ቀብሮ፣ አገሬ እገባለሁ ብሎ በእግሩ ወጣ አሉኝ። በየመንገዱ እየጠየቅሁ ነው የመጣሁት። አየሁት ያለኝ ሰው አላገኘሁም።»

«መቃብራቸውን አዩት?»

«አሳይተውኛል። ሣር በቅሎበታል።»

ለቅሶዬን የተቀመጡልኝ እማማ ለተብርሃን ናቸው። አይተዋት የማያውቋትን እናቴን፣ ስሟን እየጠሩ፣ በእናታቸው ቋንቋ ሙሾ አወረዱላት። የመርሳ ሰው እስላም ክርስቲያን ሳይል መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። መምህር ኪሮስ በትኩሳት እየተንቀጠቀጡ ውጭ ከወንዶቹ ጋር ተቀምጠው ዋሉ። እኔ አላለቀስኩም። አባቴ በመንገድ ላይ ነው እያልኩ ነበር የማስበው። ብዙ ዓመት ከደቡብ የሚመጣ እግረኛ ሳይ አካሄዱን እመለከት ነበር። አልመጣም።

ከዚያ በኋላ ያለው ሕይወቴ የመምህር ኪሮስ ሥራ ነው ብል ማጋነን አይደለም። ወልድያ ሁለተኛ ደረጃ ስገባ ዘመዶቻቸው ቤት አስቀመጡኝ። ነርስነት ልማር ደሴ ስሄድ አውቶቡስ ላይ የጫኑኝ እሳቸው ናቸው። ሳገባ በአባቴ ቦታ ቆመው መርቀው ሰጡኝ። እማማ ለተብርሃንን ታመው ሳሉ ያስታመምኩት፣ ሲሞቱም ዓይናቸውን የከደንኩት እኔ ነኝ። መምህር ኪሮስም ከጊዜ በኋላ ወልድያ ተዛውረው አገቡ፤ ሳባ የምትባል አንዲት ልጅ ወለዱ። እኔ ግን ሁልጊዜ የመጀመሪያ ልጃቸው ነበርኩ።

አንድ ነገር ብቻ አይወዱም ነበር፤ መመስገን። ሌላው ተማሪያቸው ሲያመሰግናቸው በደስታ ይቀበላሉ፤ ይቀልዳሉ። እኔ አፌን ስከፍት ግን ፊታቸው ይጠቁርና «ተይ የሺ፣ ይህን ተይው» ብለው ይነሣሉ። ሥራ ስይዝ መጀመሪያ የገዛሁትን ጋቢ ሳለብሳቸው እንኳ ዓይኔን አላዩም። ትሕትና ይመስለኝ ነበር። ባለቤታቸውም «እሱ እንዲህ ነው» ይሉኝ ነበር።

ባለቤታቸው ከሞቱ በኋላ ከሳባ ጋር ቀሩ። ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ስለዚያ ጊዜ እዚህ ብዙ አልልም። የወልድያ ሰው ሁሉ የየራሱን አይቷል። መምህር ኪሮስ ሌላው የደረሰበት ሁሉ ደረሰባቸው፤ ከዚያም በላይ የአባታቸው አገር እየተነሣ፣ ተወልደው ባረጁበት ሰፈር ከቤት መውጣት የሚያስፈራቸው ሰው ሆኑ። ያስተማሯቸው ልጆች በዚህም በዚያም ሞቱ። ስልክ ተዘግቶ ስለነበር መርሳ ሆኜ ይኑሩ ይሙቱ ሳላውቅ ወራት ቆየሁ። መንገዱ ሲከፈት በመጀመሪያው ሚኒባስ ወልድያ ገባሁ። አሉ። ሳባ በር ላይ አቅፋኝ «አለ፤ ግን እሱ አይደለም» አለችኝ።

አእምሯቸው መሸሽ ጀምሮ ነበር። መጀመሪያ ቀኑን ረሱ፣ ከዚያ ሰፈሩን፣ ከዚያ ሳባን። ነርስ ነኝ፤ እንደማይመለስ አውቃለሁ። ቢሆንም ቅዳሜ ቅዳሜ ከመርሳ እየሄድኩ አጥባቸው፣ ጥፍራቸውን እቆርጥላቸው፣ አጎርሳቸው ነበር። እንደዚህ መጦር በመቻሌ፣ ይግረማችሁና፣ ደስ ይለኝ ነበር። በአፍ አልቀበል ያሉትን ምስጋና በእጄ ልሰጣቸው ነው ብዬ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ግቢ ውስጥ ፀሐይ ላይ አስቀምጬ ሾርባ ሳቀርብላቸው እጄን ያዙኝ። ትኩር ብለው አዩኝ። ደንግጠው ከወንበሩ ሊነሡ ሞከሩ።

«እትዬ ዘነቡ፣ መጡ?» አሉኝ።

እኔ አሁን እናቴን ነው የምመስለው። እሷ ያልደረሰችበት ዕድሜ ላይ ደርሼ እሷን መሰልኩ።

«የሺ ነኝ፣ መምህር» አልኩ።

«የሺ ትምህርት ላይ ናት። ደህና ናት፤ አደራዎን አልበላሁም። ግን አላመጣሁልዎትም። ታመው ሲተኙ ውኃ የሚያቀብልዎ አልነበረም አሉኝ። ባልዎ እርሻ ላይ፣ ልጁም አጠገብዎ ታሞ። ‹ትልቅ ልጅ ነበረችኝ፤ እሷ ብትኖርልኝ› ይሉ ነበር አለችኝ ጎረቤትዎ። እኔ ነኝ የያዝኩብዎ። ይቅር ይበሉኝ።»

ያን ዓመት ከኢሉባቦር ሲመለሱ ይዘውት የመጡት ይህንን ነው። ለእኔ ሳይነግሩኝ ዕድሜያቸውን ሙሉ ብቻቸውን ተሸከሙት። እኔ ደግሞ በሥራዬ ስንቱን በሽተኛ አንገቱን ደግፌ ውኃ አጠጣሁ፤ የእናቴን ጥም ሳላውቅ።

ሳባ ከእጄ የወደቀውን የሾርባ ማንኪያ አንሥታ ቆማ ታየናለች። ምን ልበል? «የሺ ነኝ፤ አድነውኛል» ብላቸው አይሰሙኝም። እሳቸው የሚጠብቁት ከዘነቡ ነው።

«ይቅር ብያለሁ፣ መምህር» አልኩ። «ልጄን አሳድገውልኛል።»

«እውነትዎን ነው?»

«እውነቴን ነው።»

ለረጅም ጊዜ እጄን ይዘው አለቀሱ። ከዚያ አረፉ፤ ሾርባውንም ጠጡ። እኔም ይህ ቢያንስ ቀለለላቸው ብዬ ወደ መርሳ ተመለስኩ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ስገባ ግን በዚያው ድንጋጤ ሊነሡ እየታገሉ «እትዬ ዘነቡ፣ መጡ?» አሉኝ። ሁሉን ረስተው እሱን ብቻ አልረሱም። ይቅርታውን ረሱት፤ ጥፋት ያሉትን አልረሱም። ደግሜ ይቅር አልኳቸው። በሌላውም ቅዳሜ። እስኪሞቱ ድረስ እንዲሁ ነበር። አንድም ቀን የሺ መሆኔን አውቀው፣ አንድም ቀን ምስጋናዬን ሰምተው አልሞቱም።

አሁን ሣልስቱም ወጥቶ መርሳ ቤቴ ተመልሻለሁ። ኅዳር ነው፤ ማሽላው ታጭዶ ሜዳው ላይ ተከምሯል። ጎረቤቶቼ ሊያጽናኑኝ ይመጣሉ። «አንቺማ የተረፍሽ ነሽ፤ እሳቸውም ጽድቁን አግኝተውበታል» ይሉኛል። አመሰግናለሁ እላቸዋለሁ። ተረፍሽ ሲሉኝ፣ እኔ እዚህ መቅረቴን ነው የምሰማው።

ሐሳቤን ብዙ ጊዜ አገላብጬዋለሁ። አብሬ ሄጄ ቢሆን ኖሮ ወባው እኔንም ይወስደኝ ነበር ይሆናል፤ እሳቸውም ይህንን ያውቁ ነበር። ወይም ደግሞ ውኃ አቀብዬ፣ አጥቤ፣ አንዳቸውን አተርፍ ነበር። ማን ያውቃል? መምህር ኪሮስን አመስግኜ አልጠግብም፤ ዛሬም ስማቸውን ስጠራ ልቤ ይሞላል። ወዲያው ግን እናቴ ትመጣብኛለች፤ ከንፈሯ ደርቆ። አንዱን ትቼ ሌላውን ማሰብ አልሆነልኝም። ሁለቱን የሚያስታርቅ ቃል ፈልጌ አላገኘሁም፤ በዚህ ዕድሜዬ አገኛለሁም ብዬ አልጠብቅም።

እሳቸው ያን ሁሉ ቅዳሜ የጠየቁት የእናቴን ይቅርታ ነው። የሰጠኋቸው እኔ ነኝ። እሷ በሕይወት ብትኖር ይቅር ትል ነበር ወይስ አትልም፣ አላውቅም። የሚያውቅ ሰውም የለም።